ያልዋጥኩት ስፒል

ምግብ ስትውጡ ደረታችሁ ላይ ቆም የሚልባችሁ ካላችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ምንም የማይላችሁ ደግሞ ለጎረቤታችሁ አንብቡለት። እኔ በደርግ ጊዜ የደረሰብኝን አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ብዬ አስባለሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ብዙም የምሰማ ሰው አልነበርኩም። ቢሆንም ሳይነገረኝ ከምቀር ተነግሮኝ እምቢ ብል ይሻለኝ ነበር።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ያን ጊዜ ናዝሬት ውስጥ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተን፣ በአንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርምና ለአብዮት በዓል ሰልፍ የሚለበስ ካኪ እንሰፋ ነበር። ከላይ የናዝሬት ፀሐይ፣ ከጎን የከሰል ካውያ፣ ከመሐል እኛ። በዚያ ሁሉ ሙቀት ላይ እኔ ሻይ ከእሳት እንደወረደ ነበር የምጠጣው። አንገብግቦኝ ካልወረደ የጠጣሁ አይመስለኝም። ጓደኞቼ «የዚህ ሰውዬ ጉሮሮ ከጣሪያችን ቆርቆሮ ተርፎ የተሠራ ነው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር፤ እኔም እኮራበት ነበር።

የሰፊን ልማድ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። ጨርቅ ስንለካና ስናጥፍ ስፒሎቹን የምንይዘው በከንፈራችን ነው። እጅ ሁለት ብቻ ስለሆነ ሦስተኛው እጃችን አፋችን ነው። እኔ ስፒል በከንፈሬ ይዤ እቀልዳለሁ፣ እሳደባለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እከራከራለሁ። ባለቤቴ ጫልቱ «አንድ ቀን ትውጠውና ታርፈዋለህ» ትለኝ ነበር።

ስለዚህ አንድ ቀን ምሳ ላይ የጎረስኩት ሥጋ ደረቴ መሐል ቆሞ አልወርድ ሲለኝ፣ ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ስፒል ውጫለሁ! አዳራሹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ተስማማ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ ወርቁ፣ በዕድሜም በሙያም አባታችን የሆኑ ሰው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጡ።

«አይዞህ፣ እኔም በወጣትነቴ ውጬ አውቃለሁ። ሙዝ ጉረስበት፤ ይዞት ይወርዳል።»

ሙዝ ጎረስኩ። በማግሥቱ ወፍራም ገንፎ በላሁ። ከዚያ የሚያቃጥል ሻይ ላኩበት። ሥጋውን ተውኩትና ለስለስ ያለ ነገር መብላት ስጀምር የተሻለኝ መሰለኝ። ከጠረጴዛዬ ላይ ስፒል ጎድሏል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

ዳቦውም መቆም ሲጀምር ጫልቱ እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደችኝ። ለባለሙያው ምን እንደሚያመኝ አልነገርኩትም። የነገርኩት ምን እንደዋጥኩ ነው። እሱም ስፒል ፈላጊ ሆነና ራጅ አስነሳኝ። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ፣ ጎድኔን ከላይ እስከ ታች አይቶ ፈገግ አለ።

«ስፒል የለም። ንጹሕ ነዎት!»

ደስታዬ ይህ ነው አይባልም። አዳራሽ ስገባ ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ። ጫልቱ ዶሮ ሠራች። ዶሮው ግን አልወረደልኝም። «ስፒሉ ሲወርድ ቧጭሮህ ይሆናል፣ እስኪሽር ነው» ተባባልን። በኋላ የሄድኩበት ሌላ ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብሎ የሚታኘክ ነጭ ኪኒን ሰጠኝ። ሦስተኛው ደግሞ ነርቭ ነው፣ ሐሳብ አታብዛ አለኝ። ለሁሉም መጀመሪያ የማሳየው ያንን የራጅ ፊልም ነበር። ስፒል አለ ወይ ብዬ ጠይቄ የለም ተብያለሁ፤ ሌላ ምን ልጠይቅ?

ቤቴ ውስጥ የነበረው ግን ከበሽታው ይከፋ ነበር። የጎረስኩት ተመልሶ ሲመጣ ልጄ እንዳታየኝ ብዬ ለብቻዬ መብላት ጀመርኩ። ጫልቱ ይህን በሌላ ተረጎመችው።

«ወጤ ጠላኸው? ወይስ ሌላ ቤት በልተህ ነው የምትመጣው?»

«ሌላ ቤት የሚበላ ሰው እንዲህ ይከሳል?» አልኳት። ሱሪዬን ራሴ አጥብቤው ነበር፤ ጠቦኝ ሳይሆን ሰፍቶኝ። ቆይቼ ደግሜ አጠበብኩት። የሰውን ወገብ በዓይኔ ብቻ የምለካ ሰው የራሴን ማየት አቅቶኝ ነበር።

ታላቅ እኅቴ እታገኝ ደግሞ ከወንጂ መጣች። ባሏ ስኳር ፋብሪካ ስለሚሠራ እሷም እዚያው ነው የምትኖረው። ገና በሩን አልፋ ስታየኝ ደረቷን መታች። ከዚያ ወደ ጫልቱ ዞራ፣ «ወንድሜን ምን አብልተሽው ነው?» አለቻት። እዚያው ፊቷ ላይ! ጫልቱ የአርሲ ልጅ ናት፤ ለቃል ቃል የማታጣ ሴት ናት። ያን ጊዜ ግን መልሷ በሥራ ነበር። ከማግሥቱ ጀምራ አጥሚቴን በፊቴ እየቀመሰች ትሰጠኝ ጀመር። «ተይ እንጂ፣ ምን ማለትሽ ነው?» ስላት «ጠጣ» ብቻ ትለኛለች። እኅቴን የዚያን ጊዜ ያህል ጠልቻት አላውቅም።

ያወጣኝ የጫልቱ ወንድም ደበላ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቤቱ ሻሸመኔ ሲሆን በናዝሬት ሲያልፍ እኛ ጋ ያድራል። አንድ ማታ ሲመጣ አየኝና ሰላምታውን ሳይጨርስ ቆመ።

«አካም ጅር... አንተ ሰውዬ፣ ግማሽህን የት ጥለኸው መጣህ?»

«ስፒል ውጬ ነበር፤ አሁን ግን የለም ተብያለሁ» አልኩት።

«ከሌለማ ምን እየበላህ ነው?» አለ። ከዚያ ወደ እኅቱ ዞሮ፣ «ነገ ባዶዬን ነው የምመለሰው። ሻሸመኔ አጠገብ፣ ኩየራ፣ ጥሩ ሐኪም አለ፤ ይዤው እሄዳለሁ» አላት። እኔን የጠየቀኝ የለም። ጫልቱ ልጃችንን ጎረቤት አስቀምጣ ጋቢናው ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች።

ዝዋይ ስንደርስ ሾፌሮች ሁሉ እንደሚያደርጉት ደበላ መኪናውን አቁሞ የተጠበሰ ዓሣ አዘዘ። ለእኔ መረቁን ብቻ አጥልለው አመጡልኝ። አንድ ጊዜ ፉት አልኩ፤ ሁለተኛው በአፍንጫዬ ተመለሰ። ውሃ የሆነ መረቅ! የምግብ ቤቱ ሰው ሁሉ እያየኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጫልቱ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ። «ሌላ ቤት» ስትለኝ የነበረችው ሴት ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት። ከዚያ እስከ ሻሸመኔ እጄን አልለቀቀችም።

የኩየራው ክሊኒክ የሚስዮን ነበር። ከደጁ ካለው ዛፍ ሥር ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ገበያ ያህላል። ከቆፈሌ በበቅሎ የመጣ አለ፤ ከሐዋሳ በአውቶቡስ የመጣ አለ። ስለ በሽታው የማያወራ የለም፤ ስለ በሽታው የሚያውቅም የለም። ሐኪሙ ረጋ ያለ አበሻ ነው። ፊልሜን ሳወጣ እጁን አንሥቶ አስቆመኝ።

«ስፒሉን እንተወውና፣ ዛሬ ምን ይወርድልዎታል?»

«አጥሚት፤ እሱም ሲፈልግ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ፍርፍር፣ በመረቅ ሲርስ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ዳቦ በሻይ።»

«መጀመሪያ እምቢ ያለዎትስ?»

«ሥጋ» አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ስፒል ቢሆን በገባበት ቀን ነው የሚወጋዎ። ይኼ ግን ቀስ እያለ በር የሚዘጋ ነገር ነው» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በከንፈሬ የያዝኳቸው ስፒሎች ሁሉ በአንዴ የወጉኝ መሰለኝ። በስንት ክሊኒክ ስዞር ይህን ቅደም ተከተል ለአንድም ሰው ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ኖራ የመሰለ ነጭ ፈሳሽ እየዋጥኩ በራጅ አዩኝ። ባሪየም ይባላል። ደህና ቧንቧ ውስጥ ሰፋ ብሎ ይወርዳል አሉ። የእኔ ግን ደረቴ መሐል ሲደርስ እንደ ክር ቀጠነ። ሐኪሙ ትኩስ ነገር አዘውትሬ እወስድ እንደሆነ ጠየቀኝ። «ቀዝቃዛ ሻይማ ማን ይጠጣል?» አልኩት። የሚያቃጥል ነገር ሁልጊዜ መዋጥ የምግብ ቧንቧን እንደሚጎዳ የነገረኝ እሱ ነው። ከዚያ እኔን «ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» ብሎ ጫልቱንና ደበላን አስገባ።

በአገራችን ክፉ ነገር ለባለቤቱ አይነገርም፤ መጀመሪያ ለዘመድ ነው። ሁለቱም ሲወጡ ፊታቸው ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። «ቁስል ነው፣ አዲስ አበባ ይታከማል» አሉኝ። ደበላ በሕይወቱ ሰድቦኝ የማያውቅ ይመስል «እርስዎ» ሊለኝ ምንም አልቀረው። አዲስ አበባ ስንገባ ደግሞ እታገኝ ቀድማ ደርሳ ጫልቱን አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። ይህን ሳይ ለብቻችን ስንሆን ጫልቱን ያዝኳት።

«ነቀርሳ ነው፣ አይደል?»

«ማን ነገረህ?»

«እናንተው ናችሁ። ሁላችሁም ጨዋ ሆናችሁብኝ።»

ልትስቅ ስትል አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ግን ተገላገልን፤ ከእኔ የሚደበቅ ነገር ስላልነበረ ፍርሃታችንን አብረን እንፈራው ጀመር።

ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ በአፌ ቱቦ አስገብተው ከበሽታው ላይ ቅንጣት ሥጋ ወሰዱ። ካንሰር ይባላል ወይስ አይባልም የሚለው በዚያች ቅንጣት ላይ ቆመ። መጠበቅ እንዲህ ያለ ነገር ነው ብዬ ማስረዳት አልችልም። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ ተቀምጬ የሚያልፈውን ነጭ ጋዋን ሁሉ ፊቱን አነባለሁ። አንድ ነርስ ቢስቅ ዳንኩ እላለሁ፤ ሌላው ቢኮሳተር አለቀልኝ እላለሁ።

እዚህ ላይ ልጄ አስቴር የነገረችኝን ላስገባ። ያን ጊዜ አንደኛ ክፍል ነበረች፤ ዛሬ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ቅንጣቷን በማጉሊያ መነጽር እያዩ በዓይን መለየት ዛሬም ዋናው መንገድ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ተመራማሪዎች ሌላ ምልክትም መፈለግ ጀምረዋል አለችኝ። ስሙ ቴሎሜሬዝ ነው። አልገባኝም ስላት በሙያዬ አስረዳችኝ።

«አባዬ፣ በሕዋሳችን ውስጥ ዘራችን የተጻፈበት ክር አለ። ጫፉ እንዳይተረተር ቅምቅማት አለው በል። ሕዋሷ በተከፈለች ቁጥር ቅምቅማቱ እያጠረ ይሄዳል። ሲያልቅ ሕዋሷ አርጅታ መከፈሏን ታቆማለች። ካንሰር ግን ብዙውን ጊዜ ቴሎሜሬዝ የሚባለውን ቀምቃሚ ይቀሰቅሰዋል፤ ጫፉን መልሶ መልሶ ይቀመቅምለታል። ስለዚህ አያረጅም፣ አያቆምም።»

«ታዲያ ቀምቃሚው ከተገኘ ካንሰር ነው ማለት ነዋ?»

«ቶሎ አትፍረድ። ከምግብ ቧንቧ በተወሰደ ካንሰር ላይ ብዙ ጊዜ ሲሠራ ይገኛል። ነገር ግን ገና ካንሰር ባልሆነ ሥጋ ላይም አንዳንዴ ይታያል። ለብቻው አይፈርድም፤ ከሌላው ምርመራ ጋር ተደምሮ ይረዳ እንደሆን ነው የሚጠናው።»

እኔ በሰፊነቴ ገረመኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀመቅም ኖሬ ሊገድለኝ የነበረውም ቀምቃሚ ኖሯል። እኛ አገር ይህ ምርመራ መቼ እንደሚደርስ አላውቅም። ምልክቱ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ግን ቅንጣቷን የሚሰጠው ሰው በጊዜ ካልመጣ ምን ያደርጋል?

ውጤቱ መጣ፤ ካንሰር ነው። ግን ሩቅ አልተሠራጨም፣ ሊቆረጥ ይችላል አሉ። ቀዶ ጠጋኙ ከአንድ ሶሻሊስት አገር የመጣ ግዙፍ ሰው ነበር፤ ነርሷ ታስተረጉምለታለች። የታመመውን ቧንቧ ቆርጬ አወጣለሁ፣ ጨጓራህን ወደ ደረትህ ስቤ ከላይኛው ጋር እሰፋዋለሁ አለ። ከጠረጴዛው ሳይነሡ የሚቀሩ እንዳሉ አልደበቀም። ካልተደረገልህ ግን ምራቅህንም የማትውጥበት ቀን ይመጣል አለ። እንድንመካከር ትቶን ወጣ።

እታገኝ ተነሣች። «ደረቱ ተከፍቶ የዳነ ሰው ታውቂያለሽ? ጸበል እንውሰደው። የእግዜር ነገር ይሻላል» አለች።

«ጸበሉንም ይጠጣዋል» አለች ጫልቱ ድምፅዋን ሳትጨምር። «መጀመሪያ ግን የሚጠጣበት ጉሮሮ ይኑረው።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ፈራሁ። ወንድ አይፈራም የሚል ካለ እዚያ አልጋ ላይ ተኝቶ ይንገረኝ። አስቴር አባቷን በፎቶግራፍ ብቻ እንዳታውቀው ፈራሁ። ጫልቱ ደግሞ «ንጹሕ» በተባለ ፊልም ተታሎ ስንት ወር ያባከነ ባሏን እንደገና እንድትጠብቅ እፈልግ ነበር፤ ይገባኛል ወይ አላልኩም። ሐኪሙ ሲመለስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩት።

«ስፌቱን በነጠላ ነው ወይስ በድርብ?»

ነርሷ ስታስተረጉምለት ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ። ሁለት ጣቶቹን አነሣ፤ በድርብ። «እንግዲያው ቁረጠው» አልኩ።

ከአልጋዬ ቀጥሎ ኦቦ ገመዳ የሚባሉ የአርሲ ሽማግሌ ተኝተው ነበር። በሽታቸው ከእኔ ጋር አንድ ነው፤ ግን እህሉ ይሰብሰብ፣ ልጁ ይዳር እያሉ ቆይተው መጥተው የመቆረጫው ጊዜ አልፏል ተብለዋል። ሆዳቸው ላይ በተሰካ ቱቦ ነበር የሚመገቡት። እኔ ከቀዶ ጥገናው ወጥቼ ምንም በአፌ አይገባም በተባለበት ጊዜ የምመኘው ሥጋም ዶሮም አልነበረም። ውሃ ነበር። ኦቦ ገመዳ ምኞቴን አይተው «ጃባዹ፣ በርታ ልጄ፣ ይደርሳል» ይሉኛል።

ስፌቱ መያዙን ካረጋገጡ በኋላ ነርሷ በማንኪያ ውሃ አቀረበችልኝ። አፌ ውስጥ ያዝኩት፤ መልቀቅ ፈራሁ። ከዚያ ዋጥኩት። ቀዝቀዝ እያለ ሲወርድ፣ የሚቆምበት ቦታ ላይ ሳይቆም ሲያልፍ ተሰማኝ። እንባዬ መጣ።

«ምነው፣ አመመህ?» አለች ነርሷ ደንግጣ።

«ወረደ» አልኳት።

ኦቦ ገመዳ ከአልጋቸው ሆነው አጨበጨቡ። «ጠጣ ልጄ፤ የእኔንም ጠጣልኝ» አሉኝ። ልጆቻቸው ወደ አገራቸው ሲወስዷቸው ግንባሬን ስመው ነው የሄዱት። እስከ ዛሬ ውሃ ስጠጣ እርሳቸውን የማላስብበት ቀን ጥቂት ነው።

ቤት ስገባ መብላትን እንደ አዲስ ተማርኩ። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ፤ በልቶ ወዲያው መጋደም የለም፤ የሚያቃጥል ነገር የለም። ሻይዬን ለብ አድርጌ ስጠጣ የአዳራሹ ሰው ሙሽራ ይለኝ ጀመር፤ ይበሉኝ። ማኅበሩ ቦታዬን ጠብቆልኝ ነበር። ጋሽ ወርቁ ስለ ሙዙ ሲነሣባቸው እስከ ዛሬ ያፍራሉ፤ እኔም ሆን ብዬ አነሣባቸዋለሁ።

እናንተ ግን ስሙኝ። ምግብ ሲቆምባችሁ ምን እንደዋጣችሁ ለሐኪም አትንገሩት፤ ምን መዋጥ እንዳቃታችሁ፣ ከየትኛው እንደጀመረ ንገሩት። ራጅ የለም ቢል፣ የለም ያለው የተፈለገውን ነገር ብቻ ነው። ንጹሕ ነህ ቢሏችሁና ምግቡ አሁንም ባይወርድ፣ የምታምኑት ጉሮሯችሁን ይሁን። እህሉ ይሰብሰብ አትበሉ።

ከዳንኩ በኋላ ጫልቱ አንድ አመል አወጣች። በጎረስኩ ቁጥር የራሷን ጉርሻ እጇ ላይ ይዛ ጉሮሮዬን ታያለች። ሲወርድ ካየች በኋላ ነው የራሷን የምትጎርሰው። ተይ ብላት አትተወውም። እኔም እሷ ስታየኝ ያ ነገር ተመልሶ መጥቶ ይሆን እያልኩ እፈራለሁ፤ ለቼክ አፕ አዲስ አበባ ስሄድ ደህና ነህ ቢሉኝም ማዕድ ላይ ስቀርብ እንደገና ሕመምተኛ ነኝ። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

አንድ እሑድ እታገኝ ከወንጂ መጥታ ምሳ ቀረብን። እሷና ጫልቱ በአንድ የዘመድ ሠርግ ላይ ማን ቀድሞ ሳይጠራ እንደሄደ ክርክር ገጠሙ። ጫልቱ በአንድ እጇ ትምላለች፣ በሌላው ትጎርሳለች፤ እታገኝ «ዋሸሽ!» ትላለች፤ አስቴር ትስቃለች። እኔ ጎረስኩ፤ ሥጋ ነበረበት። አላምጬ ዋጥኩ። ጫልቱን አየኋት፤ ፊቷ ወደ እታገኝ ነው፣ አፏ ሙሉ ነው፣ ጭራሽ እኔ መኖሬንም ረስታለች። ዳንኩ አልኩ በልቤ፤ ደግሜ ጎረስኩ።